ልጁ የት ይደር?



ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ ኮሶዬን አልፎ አምባ ጊዮርጊስ ሲገባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። ዳባትን አልፎ 60 ያህል ቢጨምር ደባርቅ ነው። በአንዱ ጫፍ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በሌላው ጫፍ በ2010 ዓ.ም. የተከፈተው የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ። የወገራዋ ከተማ አምባ ጊዮርጊስ ሁለት ዩኒቨርሲቲ በግራና በቀኝ ይዛ ተቀምጣለች። እንዲህ ያለ ጉርብትና የታደሉ የወረዳ ከተሞች ብዙ አይደሉም።

በዚህች ከተማ ግን ትምህርቷን አቋርጣ ያገባች፣ ወልዳ የፈታች፣ አሁን ደግሞ «ልመለስና ልማር» ያለች ሴት ብትኖር፣ ከሁለቱ ወደ አንዱ ለመሄድ ስታስብ መጀመሪያ የሚያስጨንቃት የመኪናው ዋጋ አይደለም። ፈተናውም አይደለም። ማታ ማታ ልጁ የት ይደር የሚለው ነው። የዛሬው ንግግር ይህን ጥያቄ ይከተላል፤ ጥያቄው ከጓዳ ተነሥቶ እስከ ትምህርት ሚኒስቴር ይደርሳልና።

ይህች ሴት ማን ናት? ስም አንሰጣትም፤ ብዙ ናት። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች ግማሽ ያህሉ 16 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ትዳር ውስጥ ገብተው እንደነበር አሳይቷል። አዲስ አበባ ላይ ያው ቁጥር ወደ 24 ይጠጋል። ሕጉ ዕድሜውን 18 ያደረገው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ክልሉም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ይሁን እንጂ 16 ዓመት ማለት ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል ነው፤ የገጠር ልጅ ከቀበሌዋ ወጥታ ከተማ ቤት ተከራይታ፣ ቅዳሜ ስንቅ እየተላከላት የምትማርበት ጊዜ። ሽማግሌ የሚላከውም ያኔ ነው።

ፍቺ ደግሞ በደጋው አገር እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ንብረት ይካፈላል፣ ልጅ ከእናቱ ጋር ይቀራል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ባሎቻቸውን ጦርነት የወሰደባቸው ሴቶች ተጨምረዋል። ልጆቹን ብቻውን የሚያሳድግ አባትም አለ፤ ቁጥሩ ያንሳል እንጂ ችግሩ ያው ነው፤ እንዲያውም ልጅ አዝሎ ሬጅስትራር መስኮት ላይ የቆመ ወንድ ከችግሩ በላይ የሚያስቸግረው የሰው ዓይን ሳይሆን አይቀርም።

ልጅ ማሳደግ አንደኛው ሸክም ነው፤ ሁለተኛውን እንመልከት። ከቤተሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ የሚረግጠው ተማሪ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የራሱ አማካሪ፣ አንዳንዴም የራሱ ቢሮ አለው፤ በዚያ አገር እንደ ልዩ ተማሪ ይታያልና። በኢትዮጵያ ልዩ የሚሆነው አባቱ ዲግሪ ያለው ተማሪ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የከፍተኛ ትምህርት ደጃፍ ያየው የሕዝቡ እፍኝ ነበር። ያው የ2008ቱ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የአገሪቱ ሴቶች 48 በመቶው መደበኛ ትምህርት ፈጽሞ እንዳላገኙ መዝግቧል። ዛሬ ግቢ ውስጥ የምናየው ተማሪ አብዛኛው የእነዚህ እናቶች ልጅ ነው። ሁሉም ተማሪ እንዲህ ስለሆነ ታዲያ ማንም ለብቻው አያስብለትም።

እንዲህ ያለው ተማሪ የሚጎድለው ዕውቀት በፈተና የሚለካ አይደለም። ሬጅስትራር ቤት ምን እንደሚሠራ፣ ኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት ውል) ሲፈርሙ ምን እንደሚፈርሙ፣ ነጥብ ሲወርድ ማን ጋ እንደሚኬድ የሚነግር ሰው ነው የሚጎድለው። አንድ ምሳሌ ብቻ እንውሰድ፤ ብዙ ሕይወት የተበላሸበት ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

አንዲት ተማሪ ሁለተኛ ዓመት ላይ አረገዘች እንበል። ሁለት መንገድ አላት። አንደኛው ሬጅስትራር ሄዳ ዊዝድሮዋል (ትምህርትን ለጊዜው የማቋረጫ ቅጽ) መሙላት ነው። ቅጹ በጊዜው ከተሞላና ከተፈረመ፣ የጀመረችው ሴሚስተር ተዘግቶ ቦታዋ ይጠበቅላታል፤ ዩኒቨርሲቲው በወሰነው ጊዜ ውስጥ ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ጠይቃ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ሁለተኛው መንገድ ሻንጣ ሸክፎ፣ ለዶርም ጓደኛ እንኳ ሳይናገሩ፣ በጠዋቱ መኪና ወደ አገር ቤት መሄድ ነው። ሴሚስተሩ አልተዘጋምና ያልተቀመጠችባቸው ፈተናዎች እንደ ወደቀችባቸው ይቆጠራሉ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ልጇን አሳድጋ ስትመለስ መዝገቡ የሚያሳያት እንደ ሰነፍ ተማሪ ነው። ከዚያ ማመልከቻ፣ ኮሚቴ፣ «ነገ ተመለሺ» ይከተላል።

በሁለቱ ሴቶች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ወንድሟ ወይም አክስቷ የተማሩላት ልጅ ስልክ ደውላ ትጠይቃለች። የወገራ ገበሬ ልጅ ማንን ትጠይቅ? እናቷ የምታውቀው ማኅተም የቀበሌውን ነው። ደግሞም አፍራለች፤ ያፈረ ሰው ቢሮ አይሄድም። መምህራን «ተማሪዎች መብታቸውን አያውቁም» ብለው ሲያማርሩ ይሰማል። እውነት ነው፤ ግን መብቱ የተጻፈው በዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ውስጥ ነው፣ በእንግሊዝኛ፣ ማንም በማያነበው ቅጂ።

አሁን ወደ ሌሊቱ ጥያቄ እንመለስ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ከኢሉባቦር መቱ የወጣ ዜና ዓለምን ዞሮ ነበር። የ21 ዓመት ወጣት ናት፤ ብሔራዊ ፈተናው ሊጀመር ሲል ምጧ መጣ፤ ወለደች፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሆና ለፈተና ተቀመጠች። የውጭ ጋዜጦች በአድናቆት ጻፉት። የሚደነቅ ጽናት ነው። ነገር ግን ከጽናቷ እኩል መታየት ያለበት ወረቀቱ ወደ እሷ መሄዱ ነው፤ ፈተናው ወደ አልጋዋ ባይመጣ ኖሮ ዜናውም አይኖርም፣ ዓመቱም ያልፋት ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ስርቆትን ለማስቆም ሲባል የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ተፈታኞች ከየወረዳቸው በአውቶቡስ ተጭነው፣ ስልካቸውን ትተው፣ ግቢ ውስጥ እያደሩ ተፈተኑ። ውጤቱን ሁሉም ያስታውሳል፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017ቱ ፈተና ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። የፈተናው ከስርቆት መጽዳት ያስፈልግ ነበር፤ በዚህ ብዙ ክርክር የለም። ሆኖም ግቢ ውስጥ አድሮ መፈተን ለ18 ዓመት ጎረምሳ እንደ ጉዞ ነው፤ ጡት ለምታጠባ እናት ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ሒሳብ ወይም ፊዚክስ አይሆንም። በማታ ተምራ ወይም በግል ተመዝግባ የምትፈተነዋ እናት ከፈተናው አዳራሽ በፊት የሚፈትናት ነገር አለ።

አለፈች እንበል። ምደባ ይመጣል። ትምህርት ሚኒስቴር ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ማስረጃ አቅርበው በልዩ ሁኔታ እንዲመደቡ መንገድ ይከፍታል፤ ይህ መልካም ነው፣ ሊመሰገንም ይገባዋል። የስድስት ዓመት ልጅ ያላት እናት ግን አታጠባም። ከሁለት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል የምትኖረው የአምባ ጊዮርጊስ ሴት ጅግጅጋ ወይም ሚዛን ብትመደብ የልጇ ዕድሜ አይቆጠርላትም። ሄዳም ዶርም ውስጥ የሚሰጣት አንድ የተደራራቢ አልጋ ወለል ነው። ልጅ ዶርም አይገባም። ምግቡም ካፌ የሚበላው በመታወቂያ ነው፤ ለአንድ አፍ።

የኢትዮጵያ ሕግ ስለ ሕፃናት ማቆያ ዝም አላለም፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞቻቸው ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚያስጠብቁበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። የወሊድ ፈቃዱም በዚያ አዋጅ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነበር። ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ መዝገብ ቤት የምትሠራዋ እናት ሕግ ያሰበላት ሴት ናት፤ በዚያው ኮሪደር ትምህርት የምትከታተለዋ እናት ግን በዚያ አዋጅ ውስጥ አልነበረችም። ሁለቱም በአንድ ሰዓት ይገባሉ፣ የሁለቱም ልጆች በአንድ ሰዓት ይርባቸዋል።

በአሜሪካ ከአምስት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከአንድ በላይ የሚሆኑት ልጅ እንደሚያሳድጉ የአገሪቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት አስልቷል፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላዩ ሳይመረቁ እንደሚያቋርጡ። በኮሌጆች ውስጥ ላሉ የሕፃናት ማቆያዎች ድጎማ የሚሰጥ የፌዴራል ፕሮግራምም አላቸው። ሀብት ያለው አገር እንኳ ገንዘብ መድቦ ከግማሽ በታች ነው ያስመረቀው። ይህን የምናነሣው ለመጽናናት አይደለም፤ ጉዳዩ የፈቃደኝነትና የጥረት ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያ ባልታየ ነበር ለማለት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ፤ ጎንደር ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ታላቅ እናት ካስፈለጋት እቴጌ ምንትዋብ አለችላት። አፄ በካፋ በ1730 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲሞቱ ሕፃኑን ኢያሱን ይዛ መንግሥቱን አስተዳደረች፣ ቁስቋምን አሠራች። በእርግጥ ሞግዚት አላጣችም።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። በኢትዮጵያ ድሃ ሴቶችን በሺዎች ወደ ትምህርት የመለሰ ሥራ ይፈለግ ከተባለ፣ ለሴቶች ትምህርት ተብሎ ያልተጀመረ አንድ ሥራ አለ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ይፈለጉ ነበር። መስፈርቱ ቀላል ነበር፤ 10ኛ ክፍል የጨረሰች፣ 18 ዓመት የሞላት፣ ከዚያው አካባቢ የተገኘች። አንድ ዓመት በቴክኒክና ሙያ ተቋም ትማር ነበር፤ 16 የጤና ፓኬጆች ነበሩ፣ ከክትባት እስከ ሽንት ቤት ቁፋሮ። ከዚያ ቀበሌዋ ስትመለስ ደመወዝ ይቆረጥላት ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ በር ገቡ። ብዙዎቹ ከቤታቸው የመጀመሪያዋ ደመወዝተኛ ናቸው።

እነዚህ ሴቶች ሥራ ላይ እያሉ አገቡ፣ ወለዱ፣ አንዳንዶቹም ፈቱ። በኋላ ደረጃቸውን ወደ ሌቭል 4 የሚያሳድግ ሥልጠና ሲመጣ ኮሌጅ የተመለሱት እናቶች ሆነው ነው፤ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ለመፈተን ሲያጠኑ ቤት ውስጥ አጠገባቸው ፊደል የሚቆጥር ልጅ ነበር። ችግር አልነበረም ለማለት አይቻልም። ሥራው ከባድ ነው፣ ዕድገቱ ይዘገያል፣ ለሥልጠና የሚመረጠው በኮታ ነው። ግን አራት ነገሮች ተሟልተውላቸዋል፤ ትምህርቱ አጭር ነው፣ ቅርብ ነው፣ መጨረሻው ላይ ሥራ አለ፣ መልሰው ሲማሩም ከኋላቸው ደመወዝ አለ። የጤና ሚኒስቴር ሽንት ቤት የሚያስቆፍርና ክትባት የሚወጋ ሰው ሲፈልግ ለእናቶች ትምህርት ያደረገው፣ ስለ ሴቶች ትምህርት በየሆቴሉ ከተካሄዱት ስብሰባዎች ሁሉ ይበልጣል ብንል ማጋነን አይሆንም።

የመምህራን የክረምት ትምህርትም ከዚሁ ወገን ነው። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ዩኒቨርሲቲው በዲፕሎማ መምህራን ይሞላል። ዲግሪ የሚገኘው በየክረምቱ እየተቆራረጠ ነው፤ ዓመታት ይፈጃል፤ ሆኖም ማንም ሥራውን ወይም ቤቱን አይለቅም። ልጇንና አንዲት ዘመድ ይዛ ከግቢው አጥር ጀርባ ክፍል የምትከራይ መምህርት በክረምት ጎንደር ብርቅ አይደለችም። ጠዋት ትምህርት፣ ቀትር ላይ ሮጦ ልጅ ማብላት፣ ከሰዓት በዝናብ ተመልሶ ግሩፕ አሳይመንት። ምቾት የለውም። ይሠራል ግን፤ የሌሊቱ ጥያቄ ተመልሷልና።

ደመወዝ የሌላት ሴትስ? ለእሷ የቀሩት በሮች ማታ፣ ቅዳሜና እሁድ፣ የርቀት ትምህርት ናቸው፤ አብዛኛውም በግል ኮሌጅ። እዚህ ላይ ደግሞ አንድ ቁጥር ከፊታችን ቆሟል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም ላይ ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ አለፉ፤ ከግል ተቋማት 17 በመቶ ያህሉ። ሰፊው ልዩነት ብዙ ምክንያት አለው። ለእኛ ጉዳይ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ እናትየዋ ልጇን ሳትለቅ ልትማርበት የምትችለው በር፣ ከፍላ የምትገባበት በር፣ በመጨረሻው ፈተና ላይ ይበልጥ የሚጥለው በር ሆኖ ተገኝቷል። አራት ዓመት ከእህል ሽያጭ እየቆረጠች የከፈለች ሴት ለሃንድአውት ብቻ ከፍላ እንዳትቀር፣ ከመመዝገቧ በፊት ኮሌጁ ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ እንዳስፈተነና ስንት እንዳሳለፈ በአፍ ሳይሆን በወረቀት መጠየቅ መብቷ ነው።

ክፍያው ከየት ይመጣል የሚለውን ከተማ ውስጥ ያለ ሰው ቶሎ አይገምተውም። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስትን ፎቶ አንድ ላይ ይይዛል። ሲፋቱ መሬቱ ይካፈላል። ስለዚህ ብዙ የፈታች የገጠር ሴት የምትማረው በመሬት ነው ማለት ይቻላል፤ ጥማዷን ለእኩል ትሰጣለች ወይም ታከራያለች፣ ገብሱ ወይም ነጭ ሽንኩርቱ የሴሚስተር ክፍያ ይሆናል። ባንክ የማያውቀው የትምህርት ብድር ይህ ነው። ከአባትየው የሚቆረጠው ቀለብ በሕግ ያለ ነው፤ ፍርድ ቤት ይወስናል፣ አስፈጻሚው ይዘገያል፣ አባትየውም መተማ ወይም ሑመራ ሥራ ሄዷል ይባላል። በቀለብ ተመክቶ ኮሌጅ መመዝገብ አይመከርም።

ሌላዋ ባለውለታ አያት ናት። «አንቺ ሂጂ ተማሪ፣ ልጁን እኔ እይዘዋለሁ» የምትለዋ ሴት ዩኒቨርሲቲ ረግጣ አታውቅም፤ የምትይዘው የልጅ ልጇን ብቻ አይደለም፣ ከብቱንም፣ እንጀራውንም፣ የጎረቤቱንም ወሬ ነው። «ፈት ሆና ደግሞ ከተማ ለከተማ ትዞራለች» የሚለውን ሐሜት በማኅበርና በለቅሶ ቤት የምትመክተው እሷ ናት። አያትየዋ ስትታመም የልጅቱ ትምህርት ይታመማል። ስለ ተማሪ እናቶች የሚታቀድ ማንኛውም ነገር አያትን ካልቆጠረ ግማሹን ሒሳብ አልሠራም።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ እናቶች ልጅ አዝለው፣ ማታና በትርፍ ሰዓት፣ በየቀበሌያቸው ዛፍ ጥላ ሥር ሳይቀር ፊደል ቆጥረዋል። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ያስተምር ነበር፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። በፖለቲካው የሚነሣበት ብዙ ነገር አለ። የእነዚህ እናቶች ጀርባ ላይ ያለ ልጅ ግን ከትምህርት አላስቀራቸውም። የጎንደሩ ኮሌጅም ሲመሠረት የደምቢያ ወባ በ1945 ዓ.ም. ሺዎችን ከፈጀ በኋላ ነበርና ተማሪዎቹን ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ እያወረደ፣ ሕዝቡ መካከል ያሠለጥን ነበር። ወደ ሰዉ መውረድ ለዚህ ተቋም አዲስ ትምህርት አይሆንም።

ለአምባ ጊዮርጊስ እንግዲህ የሚታየው ነገር ትልቅ ሕንፃ አይጠይቅም። ቅዳሜና እሁድ ባዶ የሚውሉ የትምህርት ቤት ክፍሎች አሉ። ከጎንደር ወይም ከደባርቅ መምህር ለአንድ ቀን መጥቶ ቢያስተምር አንድ ሰው ነው የተጓዘው፤ ተማሪዎቹ ቢሄዱ ሠላሳ ሴት፣ ከነልጆቻቸው። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ ሠላሳ ሰው ከማንቀሳቀስ አንድ ሰው ማንቀሳቀስ፣ እሱም ካልሆነለት የትምህርቱን ጽሑፍ አስቀድሞ መላክ ይሻላል። ከሚማሩበት ክፍል ቀጥሎ ያለውን ክፍል ምንጣፍ አንጥፎ ለልጆቹ መስጠት ይቻላል፤ ደጋው ብርድ ነውና ከሰል ሳይሆን ብርድ ልብስ ይታሰብበት፣ በተዘጋ ክፍል ከሰል ሕፃን ይገድላል። ከሬጅስትራር አንድ ሰው በሴሚስተር ሁለት ጊዜ መጥቶ ዊዝድሮዋል፣ ሪአድሚሽንና ኮስት ሼሪንግን በአማርኛ ቢያስረዳ የአንድ ቀን አበል ነው ወጪው።

የሚቀረው ልጆቹን የምትጠብቀው ሴት ደመወዝ ነው። ከወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት በጀት ይውጣ፣ ከኮሌጁ ክፍያ ይቀነስ፣ ወይስ ተማሪዎቹ እንደ ዕቁብ እያዋጡ በየተራ ይጠብቁ? በየተራ ከሆነ በየሳምንቱ አንዷ ትምህርት ያመልጣታል፤ ፈተና ሲደርስ የማን ተራ እንደሚሆንም ያጣላል። ከአዳራሹ ውስጥ ዕድር ያስተዳደራችሁ፣ የጽሕፈት ቤት በጀት የያዛችሁ አላችሁና ስሌቱን እናንተ ብትጀምሩት ይቀላል።